የገላዋ ምንጭ አዋሳኞች

በዘርሙት መንግሥት ሰው በአደባባይ በሐሰት «መሬቱ የእኔ ነው» ሲል የድንበሩ ድንጋይ ያለቅሳል። ጌታ ደርጋሽ የገላዋን ምንጭ አጥሮ «ከአያቴ የወረስኩት ነው» ባለ ማግስት ድንጋዩ ሦስት ቀን አለቀሰ። ድንጋይ ግን ምስክር አይሆንም፤ ሸንጎው የሚቀበለው የመዝገብ ቃል ብቻ ነው። መዝገቡን ደግሞ በከርሞን ተራራ ዋሻ ውስጥ ሻህላ የሚባል ዘንዶ ይጠብቀዋል። ሕዝቡ በውሃ ጥም ሊያልቅ ሆነ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ዛሪት፣ የሟቹ አትክልተኛ የበላም ልጅ። «የባለቤቱን ስም ሳልይዝ ብመለስ ምድር ትዋጠኝ!»

በዘመኑ የመንግሥቱን ግማሽ መሬት በገመድ የለካው ሽማግሌ ጎርማ እያጉረመረመ ተከተላት። በመንገድ የደርጋሽ ክንፋም ጅቦች ደረሱባቸው። ዛሪት ሁለቱን በጦር ጣለች፤ ሦስተኛው የጎርማን ግራ ክንድ ቦጭቆ ሸሸ። «ግድ የለም፣ ገመድ የምጥለው በቀኜ ነው» ብሎ ሽማግሌው መንገዱን ቀጠለ።

በዋሻው ደጅ የጠያቂዎች አጥንት ተከምሯል። መልስ ሲጠብቁ በረሃብ ያለቁ ናቸው።

«የደርጋሽ መሬት የቱ ነው?» አለች ዛሪት። ዘንዶው ዓይኑን ጨፈነ። በደርጋሽ አያት ስም ጠየቀች፤ አሁንም ዝም። በዚህ ሁኔታ አራት ቀን አለፈ፣ ስንቃቸውም ተሟጠጠ።

ጎርማ ድንገት ጭኑን መታ። «ምን ዓይነት ጅሎች ነን! ሰው ይሞታል፣ መሬቱን ይሸጣል። መሬት የሚታወቀው በአዋሳኙ ነው!»

ዛሪት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «በሰሜን ገደሉ፣ በምዕራብ ወንዙ፣ በደቡብ የነጋዴ መንገድ፣ በምሥራቅ የበላም አትክልት!»

ሻህላ ብራናውን ዘረጋ። «ሦስቱ ልክ ነው። በምሥራቅ ግን የኮሶው ዛፍ ይላል። ባለቤቱ የገላዋ ሕዝብ በጋራ፤ አይሸጥም፣ አይወረስም።» ቃሉን በሙሉ በሌላ ብራና ገልብጦ አተመና ሰጣት።

ዛሪት የምሥራቁን መስመር ደግማ አነበበች። ኮሶው ያለው ከአትክልታቸው ማዶ ነው። እናቷና ታናናሾቿ የሚኖሩበት አትክልት የሕዝብ መሬት ኖሯል።

«ልጄ፣ የምሥራቁን መስመር ዝለዪው» አላት ጎርማ ሲመለሱ። «ከእኔና ካንቺ በቀር ማን ሰማ?»

«አባ ጎርማ፣ ደርጋሽም እኮ ምንጩን ያጠረው «ማን ያውቃል» ብሎ ነው።»

በሸንጎው ፊት ቆማ ብራናውን ከራስጌ እስከ ግርጌ አነበበች። ደርጋሽ አጥሩን እንዲያፈርስ ተፈረደበት። ሕዝቡ እልል አለ፤ እንስራውን የያዘ ሁሉ ወደ ምንጩ ሮጠ። እናቷ ግን ተነሥታ ሄደች።

ዛሪት አትክልቱ ውስጥ አገኘቻት፤ ችግኙን እየነቀለች በቅርጫት ታስቀምጥ ነበር።

«እምዬ፣ ይቅር በዪኝ። አባዬ ያውቅ ነበር?»

እናቷ ቀና ሳትል ሁለተኛውን ዶማ አቀበለቻት።

«እኔም አውቅ ነበር» አለች።