የተወነጀለው ኮምፒውተር

መሐንዲሱ በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ቀኝ እጁ ካቻቢቴ ጨብጧል። ጠረጴዛው ላይ የኮምፒውተሩ ሳጥን የጎን ክዳኑ ተነሥቶ ሆድ ዕቃው ይታያል፤ ገመዱ ከሶኬቱ አልተነቀለም። የጠረጴዛው ማዕዘን ደም ነክቶታል።

«ምኑ ይመረመራል?» አለ የመርማሪዋ አለቃ በስልክ። «የተገጣጠመ ኮምፒውተር ሲነካካ ኤሌክትሪክ አንሥቶ ፈጠፈጠው። ገጣጣሚውን ይዘነዋል። በይ ዝጊው።»

መርማሪዋ ዘጋችው፤ ስልኩን እንጂ መዝገቡን አይደለም።

ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ የገባችበትንም ሳትወጋ አትወጣም። ዛሬ ግን የምትወጋው አጣች። ሐኪሙ የሟቹ ጣት ላይ የመቃጠል ምልክት አላገኘም፤ «ግን ሁልጊዜ ምልክት አይተውም» ብሎ ያንኑ መልሶ አፈረሰባት። የቀሩት ደግሞ ስለ ሞት ስትጠይቃቸው ስለ ኮምፒውተር ይመልሱላታል።

መጀመሪያ የጠየቀችው የሟቹን ሚስት ወንድም ነበር፤ የቢሮው ዕቃ ገዥ። ሠራተኛው ሁሉ «ጋራንቲ» ይለዋል።

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ነግሬው ነበር! ስም ያለውን ግዛ፣ ከካርቶኑ አውጥተህ ትሰካዋለህ፣ ቢበላሽ የሚጠየቅ አለ አልኩት። ከየሱቁ ለቃቅሞ ማሠራትን ምን አመጣው?»

«የት ነበሩ ነው ያልኩት።»

«ምሳዬን ስበላ ነበራ! ሰው እንዴት ወላጅ የሌለው ኮምፒውተር ይገዛል?»

«እርስዎ ኮምፒውተር ከፍተው ያውቃሉ?»

«እኔ?» አለ፣ ስርቆት እንደተለጠፈበት ሰው ደንግጦ። «ማሸጊያው ከተነካ እኮ ጋራንቲው ይቀራል!»

የሟቹ ሚስት ዐይኖቿ አብጠው ሶፋው ላይ ተቀምጣለች።

«የቱን ልግዛ እያለ እንቅልፍ ነሣኝ። እኔን ሲያገባ እንኳ እንዲህ አላማረጠም» አለች፤ ልትስቅ ብላ እንባዋ ቀደማት። «ስም ያለው ያምራል፣ ግን ሥራዬን አይችለውም ይል ነበር። አንድን ሕንፃ ከነሸክሙ የሚያሰላ ነበር የሚፈልገው። ያንን የሚችል ባለ ስም ዋጋው አይቀመስም። በመጨረሻ ክፍሉን አንድ በአንድ መርጦ አሠራ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ክዳኑን እንደ ድስት ክዳን ብድግ አድርጎ ያሳያል።»

ሦስተኛው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ እሱም መሐንዲስ፣ ቢሮው ከወንድሙ ቢሮ ፊት ለፊት፤ ጠረጴዛው ላይ ባለ ስም ኮምፒውተር ቆሟል።

«ገጣጣሚው ላይ አትጨክኑ፤ ልጅ ነው» አለ በለሆሳስ። «ጥፋቱ የማሽኑ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ ኮምፒውተሩን ጣሉልን። ከእሱ የወጣ ነገር ሁሉ አይታመንም።»

«ምን ወጣ ከእሱ?»

«ምንም። እንዲሁ... የጋሼ ሥራ።»

ገጣጣሚው እስር ቤት ከንፈሩ ደርቆ ጠበቃት። «ብፈታስ ማን ሥራ ይሰጠኛል? ሰው የገደለ ገጣጣሚ እየተባልኩ? መሐንዲሱን መጀመሪያ ያስተማርኳቸው እኮ ገመዱን መንቀል ነው። ሳይነቅሉ ነክተውት አያውቁም!»

መርፌ ወደ ሟቹ የሥራ ክፍል ተመለሰች። ከሳጥኑ አጠገብ ሁለት ብሎኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አናታቸው ሰፊና ጥርስ ጥርስ ያለው ነው፤ ላዩ ላይ አዲስ ጭረት አለ። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሳጥኑን ለክቶ ምንም ኤሌክትሪክ አልሾለከም አለ። ኮምፒውተሩን አስከፈተችው። ስክሪኑ ላይ የአንድ ሕንፃ ሥዕል ብቅ አለ፤ የታችኛው ፎቅ ዓምዶች ደም መስለዋል።

በማግስቱ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። ገጣጣሚውም በካቴና መጣ። ሳጥኑ ተዘግቶ፣ ገመዱ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል።

«ክፈቱልኝ» አለች። «መሐንዲስ ነዎት፣ እርስዎ ይጀምሩ።»

ታናሽ ወንድሙ ቀረበ፤ ጠረጴዛውን በዐይኑ ቃኘ። «ካቻቢቴ አላመጣችሁም?»

«ካቻቢቴ ምን ያደርግልዎታል?» ጮኸ ገጣጣሚው። በታሰሩ እጆቹ ብሎኑን ቆንጥጦ አዞረው፤ ወጣ። ሁለተኛውም ወጣ። ክዳኑ ብድግ አለ።

«እንደ ድስት ክዳን» አለች ሚስቱ በሹክሹክታ።

«ባለቤቱ በጣቱ የሚከፍተውን ሳጥን በካቻቢቴ ለምን ይቧጥጣል?» አለች መርፌ። «ገመዱን ሳይነቅል የማይነካውስ ትናንት ምን ነካው? የከፈተውም፣ ካቻቢቴውን ያስጨበጠውም ሌላ ሰው ነው። ባለ ስሙ ኮምፒውተር የርስዎ ቢሮ ነው ያለው፤ ብሎኖቹ የተቀበሩ ናቸው፣ ያለ ካቻቢቴ አይፈቱም። እጅዎ የለመደው እሱን ነው።»

«ካቻቢቴ መጠየቅ ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ስክሪኑ ላይ ያለው ሕንፃ ግን የማን ነው? ማኅተሙን አየሁት፤ የርስዎ ነው። ትምህርት ቤት ነው፣ ልጆች ገብተውበታል። ወንድምዎ አዲሱን ኮምፒውተር እንዳገኘ መጀመሪያ ያሰላው እሱን ነው፤ ዓምዶቹን አቅልቶ ሸክሙን አይችሉም አለው። ወንድምዎን ዝም ማሰኘት ብቻ አልበቃዎትም። ኮምፒውተሩም ነፍሰ ገዳይ መባል ነበረበት፤ የገዳይን ቃል ማን ያምናል?»

ታናሽ ወንድሙ ሳጥኑን እንደ ባላንጣ አፈጠጠበት።

«ስንት ዓመት አብረን ሠርተን!» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «ዓምዶቹ ይበቃሉ አልኩት፤ አስልቻቸዋለሁ አልኩት። ጋሼ ግን ከእኔ ይልቅ ይሄን ልቅምቃሚ አመነ! ነገ ለከተማው አሳውቃለሁ አለኝ። ገፋሁት። ይወድቃል እንጂ ይሞታል አላልኩም።»

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው ሄደ። ገጣጣሚው አንጓውን እያሸ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አለ፣ ክዳኑን መለሰና ብሎኖቹን በጣቱ አጠበቃቸው።

ስልኳ ጮኸ።

«ዘጋሽው?» አለ አለቃዋ።

«አልዘጋሁም» አለች መርፌ ደረጃውን በሩጫ እየወረደች። «መጀመሪያ የሚዘጋ ትምህርት ቤት አለ።»