ፈጣኗን ቅጂ የጣላት ሰው

«ሰው በሙቀት አልቆ ተሰልፏል፣ አንተ እጅህን አጣጥፈህ ትቀመጣለህ?» ብዬ ጮህኩበት።

መሳፍንትን ያወቅኩት እንዲህ ነው፤ በ2008 ዓ.ም.፣ ሸዋሮቢት፣ እኔ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ውስጥ። የምንጠቀምበት ፕሮግራም ከኤሊ የባሰ ስለነበር እንዲያፈጥነው የተላከ የጎንደር ልጅ ነው።

ፈገግ አለ። «እኔ ብቀመጥም ኮምፒውተሩ እየሠራ ነው።»

«ምን?»

«ፕሮግራሙን በብዙ ቅጂ ያባዛል፤ እያንዳንዱን ትንሽ ትንሽ ይለውጥና ይፈትናል። የወደቀውን ይጥላል፣ የተሻሉትን አዳቅሎ እንደገና ያባዛል። የእናንተ አገር ገበሬ ያማረውን የማሽላ ዛላ ለዘር እንደሚያስቀረው።»

«ራሱን በራሱ?!»

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ሲያስረዳኝ አለመናቁ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ አብረን መብላት ያዝን።

አንዷ ቅጂ ሁሉንም በለጠች። ለሙከራ ማዘዣ ሳስገባ ዓይኔን ሳልከድን መልስ ትሰጣለች። ከአዲስ አበባ መሳፍንትን የላኩት አለቆች ሊያዩዋት ቀን ተቆረጠ፤ ከወደዷት ለመሳፍንት እዚያ ትልቅ ሥራ ተዘጋጅቶለታል። እሱ ግን ጠፋብኝ። ስደውል «ሥራ ላይ ነኝ» ይለኛል። ልቡ ቀድሞት አዲስ አበባ ገብቷል ብዬ አኮረፍኩ።

ቀኑ ደረሰ። መሳፍንት ዓይኑ ቀልቶ እንግዶቹ ፊት ቆመ።

«ይቅርታ... ይህቺን ቅጂ ጥያታለሁ።»

«ምን ማለትህ ነው?» አሉ ኃላፊያችን ጋሽ በላይ።

«አብረው የማይወሰዱ መድኃኒቶች ሲታዘዙ ማስጠንቀቁን ትታዋለች። የፈጠነችው ለዚያ ነው። ያንን በፈተናው ውስጥ ሳላስገባ የቀረሁት እኔ ነኝ። ሰው ከሚሞት በቀርፋፋው እንቆይ።»

እንግዶቹ እያጉረመረሙ ወጡ፤ የአዲስ አበባው ሥራም አብሯቸው ሄደ። ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር? ማንም! እንደዚያን ቀን በሰው ኮርቼ አላውቅም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ሳላረጋግጥ ላስደነግጥሽ አልፈለግኩም፣ ትህትና። አሁን እንግዲህ... ባዶ እጄን ቀረሁ።»

«ሽማግሌ ላክ።»

«እ?»

እኛ ጋ ሴት ልጅ እንዲህ አትልም። መድኃኒት ሊገዛ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ ይሰማኛል። ፊቴ ቢነድም አልመለስኩም።

«አባቴ ጋ ሽማግሌ ላክ እኮ ነው የምልህ!»

ጥር ላይ ተጋባን። ፈተናዎቹን አብረን ተቀምጠን እንደገና አዘጋጀናቸው፤ ኅዳር ላይ ማስጠንቀቂያውን ሳትተው የምትፈጥን ቅጂ ወጣች። ጋሽ በላይ ሊያመሰግኑት ሲመጡ መሳፍንት አልነበረም፤ እኔን ምጥ ስለያዘኝ ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ነበር።