የቆራሌው ፎቶ

ዙልማ የክፍሉ በር ላይ ቆማ ስልኳን ለመምህሯ አሳየቻቸው።

«ቲቸር፣ ይሄንን የሰፈሩ ግሩፕ ላይ የለቀቁት እርስዎ ነዎት?»

መምህር ፍሮይላን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩ። ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። በአንዱ፣ ጆንያ ውስጥ የተገኘ ሕፃን ያለቅሳል። በሌላው ዶን ካሲሚሮ ጋሪያቸውን ይገፋሉ፤ በኤል አልቶ ከተማ መንገዶች እየዞሩ ጠርሙስና ቆርቆሮ የሚሰበስቡት ቆራሌ። ከሥሩ «ልጆቻችሁን ከዚህ ሰው ጠብቁ፤ ለሁሉም አስተላልፉ» ይላል።

«አዎ፣ ምነው?»

«እንዳስተማሩን አጣራሁት። የሕፃኑ ፎቶ የቆየ ነው፤ ሌላ አገር፣ ፊልም ሲቀረጽ የተነሣ። ከዶን ካሲሚሮ ጋር አይገናኝም።»

እኚሁ ሰው ናቸው «ሳታጣሩ አታስተላልፉ» ብለው ሰሌዳውን ሙሉ የጻፉት። ክፍሉን በሙሉ አስገልብጠዋል፤ ፈትነዋል፤ ለዙልማም ከመቶ መቶ ሰጥተዋል።

«ክፍል ሌላ፣ ሰፈር ሌላ» አሉ። «እኔ የሰፈሩ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። እውነት ቢሆንስ? ባስጠነቅቅ ማን ይጎዳል?»

«ዶን ካሲሚሮ።»

«አንቺ ልጅ፣ ጥናትሽ ላይ አተኩሪ። እናትሽ ገበያ ውስጥ የምትሸጥበትን ቦታ የሚያድለው ኮሚቴው መሆኑንም አትርሺ።»

ከሰዓት በኋላ ዙልማ፣ አጣርታ ያገኘችውን ሁሉ ግሩፑ ላይ ለጠፈችው። መልሱ አልዘገየም።

«ጎበዟ ተማሪ መጣችልን።»

«ቆራሌው ስንት ጠርሙስ ከፈለሽ?»

«ልጅ ሲጠፋ አንቺ ትመልሺልናለሽ?»

ከዚያ ከግሩፑ አስወጧት።

በማግስቱ መንገዱ ጥግ፣ የመብራት ምሰሶው ላይ አዲስ የጭድ ሰው ተሰቅሏል። ሰፈሩ ሌባን የሚያስፈራራው በዚህ ነው፤ ዙልማ እያየችው አድጋለች። ይኼኛው ግን ትከሻው ላይ ጆንያ ነበረው። የለበሰው ሸሚዝ ደግሞ የአባቷ ነው።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ የሰጠሻቸው?»

«ሁሉም ቤት አዋጥቷል» አለች እናቷ ድንች እየላጠች። «እኛ ብቻ እንለይ? ትናንት ያደረግሽው አይበቃም?»

ከውጭ «ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በሮች አንድ በአንድ ተዘጉ። ዙልማ ወጣች። ዶን ካሲሚሮ ምሰሶው ሥር ቆመው ወደ ላይ ያያሉ።

«እኔን ነው እንዴ?» አሏት።

ዙልማ መንገዱን ሽቅብ አየች። ከዳገቱ ላይ፣ ከሰፈሩ ሱቅ በር፣ ወንዶች መሰባሰብ ጀምረዋል። አንዱ ዱላ ይዟል።

«ይመለሱ፣ ዶን ካሲሚሮ።»

«ወዴት ነው የምመለሰው? ቤቴ እኮ ከሱቁ ማዶ ነው።»

«ዙልማ፣ ግቢ» አለች እናቷ ከመስኮት።

ዙልማ ሰምታታለች። የጋሪውን አንድ እጀታ ያዘችና ከሽማግሌው ጎን ሆና ወደ ሱቁ ሽቅብ ትገፋ ጀመር።