ምላስ ላይ ያልተጣበቀው ድንጋይ

«ሻይ አፍዪዋ ናት አሉ የገደለችው። ሻዩ ውስጥ መርዝ ጨምራ። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀት ላይ ተጭናለች እኮ፣ አምናለች።»

ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤት ይህን ለእህቷ በስልክ ስታወራ፣ ከአጥሩ ወዲህ የሙዚየሙ ጽዳት ሠራተኛ ልብስ ታሰጣ ነበር። እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቀረች። የምትታማው ሴት የልብ ጓደኛዋ ናት። አሥራ አራት ዓመት በአንድ ሙዚየም፣ አንዷ ስትጠርግ አንዷ ሻይ ስታፈላ፣ አብረው ሰው ሲያሙ ኖረዋል።

ሻይ አፍዪዋ ከታሰረች አምስት ቀኗ ነው። ማንበብ አትችልም። ፖሊሱ ሻዩን የሰጠሽው አንቺ ነሽ ሲላት አዎ አለች፣ እንግዲያው እዚህ ላይ ጣትሽን አኑሪ አላት፣ አኖረች። ወረቀቱ ላይ ሌላ ምን እንደሰፈረ ማን ይንገራት። ነገ ጠዋት ወደ ትልቁ እስር ቤት ልትዛወር ነው። ጽዳቷ የማውቀው ነገር አለኝ ብላ ሁለት ጊዜ ጣቢያ ሄዳ ነበር። ሁለቴም «እናቴ፣ ሥራ አታስፈቺን» ብለው ከበር መለሷት። ጠራጊን ማን ይሰማል።

ሟቹን ጋሽ አጥንት ነበር የሚሉት። ጉደኛ ሰው ነበር። ሲጀምር የቁፋሮ ሰዎች ጓዝ ተሸካሚ ነበር አሉ። አንድ ቀን ደክሞት ሊቀመጥበት የጎተተው ድንጋይ ጥርስ ያለው መንጋጋ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ትምህርት ቤት አስገቡት፣ ከዚያ ባሕር ማዶ፣ ከዚያ ዶክተር። ሙዚየሙን ሲረከብ ብል የበላቸው ሦስት ወፎችና ጅራቷ የተገነጠለ አንዲት ነብር ብቻ ነበሩበት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ቤት የሚያክል የአውሬ አጽም አቁሞ፣ ሰውን አንገቱን ቀና አድርጎ ያስኬድ ጀመር። ይህ ሁሉ ሆኖ ባለፈው ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አስመለሰው፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ሞተ። ሐኪሞቹ መርዝ ነው አሉ።

ጽዳቷ ልብሱን ጥላ ሥራ ስትገባ፣ ከበላይ አንዲት መርማሪ ተልካ ጠበቀቻት። አጭር ናት፣ አቧራው አልተስማማትም፣ መሐረቧ ከአፍንጫዋ አይወርድም። የበሩ ቁልፍ ሁሉ ያለው ጽዳቷ ወገብ ላይ ስለሆነ፣ መርማሪዋ በሄደችበት ሁሉ እሷም ሄደች።

መጀመሪያ የተጠየቀው ስለ ሻዩ ብርጭቆ ነው። ሻይ አፍዪዋ አጥባዋለች፣ ክሱም በዚያ ነው የበረታው።

«ለምን አጠበችው?» አለች መርማሪዋ።

«ሻይ አፍዪ ብርጭቆ ካላጠበች ምን ትጠብ?»

መርማሪዋ ሳቅ ሳቅ አላትና ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ሳህን ላይ ጡጫ የሚያክል ድንጋይ አለ። ነጭ ነገር እንደ ዱቄት ለብሶታል፣ አንድ ጎኑ ላይ ግን የተጠረገ ይመስላል። ከሥሩ የታተመች ትንሽ ወረቀት አለች፣ ሟቹ መረመርኩት ብሎ የሚፈርምባት። ፈርሞባታል።

«እዚህ ጋ ምን ነክቶት ነው?»

«ምላስ ነዋ» አለች ጽዳቷ። «አጥንት ከሆነ ምላስ ላይ ጥብቅ ይላል፣ ድንጋይ ከሆነ አይዝም። እዚህ ሁሉም ይልሳሉ። ጋሼማ ሚስታቸው የቋጠረችላቸውን ምሳ ሳይነኩ ይመልሱና ድንጋይ ሲልሱ ይውሉ ነበር።»

ነጩን ዱቄት ፍለጋ ብዙ አልደከሙም። ምድር ቤት የደረቁ እንስሳት ቆዳ በብል እንዳይበላ የሚቀባ የድሮ መርዝ አለ። የመርዙ ሣጥን ቁልፍ ሚስማር ላይ ነው የሚሰቀለው፣ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ሊያነሳው ይችላል።

መርማሪዋ አጥንት ጠጋኙን አስጠራች። ይህ ሰው የተሰባበረ አጥንት በሙጫ ሲገጣጥም የሚውል ዝምተኛ ነው። ገና ከበሩ ላይ ሆኖ ድንጋይ ነው አላት። ሳይነኩት በምን አወቁ ብትለው፣ ለዚህ መንካት አያስፈልግም፣ ትናንት የተቀጠረም ይለየዋል አለ።

«ታዲያ አርባ ዓመት አጥንት ሲለዩ የኖሩት ሰው ይህን ለምን ላሱት?»

ጠጋኙ ጫማውን ማየት ጀመረ። ዓይናቸው ደከም ብሎ ነበር ወይ ብትለው፣ ኧረ ደህና ነበሩ አለ። ሚስትየው ተጠሩ፣ ከኔ ዓይን የሳቸው ይሻል ነበር አሉ። የሟቹ ምክትል ተጠራ። መነጽሩን እየወለወለ፣ ጋሼ ንስር ነበሩ፣ ከመስኮት ሆነው ግቢ በር ላይ የቆመውን ሰው ይለያሉ አለ።

ሦስቱም ሲወጡ ጽዳቷ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«አንድ ነገር ልንገርዎት። ጣቢያ ልናገረው ሄጄ እምቢ ያሉኝን ነው። ጋሼ ወንበሬን አንዲት ስንዝር እንዳታነቃንቂ ይሉኝ ነበር። አንዴ ለመጥረግ ብዬ ባነሳው መጥተው በቁማቸው ወደቁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ኮሪደር ላይ ያለችውን ነብር ‹እንደምን አደርሽ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው?› ይሏታል። እኔ መስላቸው ነው። መጀመሪያ ሳቅ ገደለኝ። ኋላ ግን አላሳቀኝም፣ ከነብሯ ጀርባ ቆሜ እግዚአብሔር ይመስገን እል ነበር።»

መርማሪዋ ከዚያ ያቺን ትንሽ ወረቀት አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አየቻት። አስነጠሳትና እንደገና አየቻት። ጋሼ የፈረሙበትን የሁለት ዓመት ደብዳቤ ሁሉ አምጪልኝ አለች፣ አንድ ባንድ እያነሳች በመስኮቱ ታይ ጀመር። ስትጨርስ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰብስቢልኝ፣ ሻይ አፍዪዋንም አስመጣለሁ አለች።

በአውሬው አጽም ሥር ወንበር ደረደሩ። ሻይ አፍዪዋ በካቴና መጣች፣ በነጠላ ጫማ፣ ከስታ። ጓደኛዋን ስታይ ቀስ ብላ «የሻይ ክፍሉን ቁልፍ ለማን ሰጡት?» አለቻት። ጽዳቷ ወንበር ሳበችላት። በቦታዋ ሌላ ሰው ተቀጥሯል።

መርማሪዋ ቆማ ጀመረች። መርዙ ድንጋዩ ላይ ነበር፣ ሻዩ ውስጥ አይደለም። ድንጋዩን ያስቀመጠው ሰው ጋሼ እንደሚልሱት እርግጠኛ ነበር። የሚያይ ሰው ደግሞ ያን ድንጋይ አይልሰውም። ስለዚህ ገዳዩ ዓይናቸው እንደጠፋ ያውቃል።

ሚስትየው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ሁለት ዓመት አለፈው፣ ቤት ጋዜጣውን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ አሉ። ጠጋኙም የአጥንቱን ዓይነት ሹክ የምላቸው እኔ ነኝ አለ። ምክትሉ ግን እኔ እስከዛሬ አልሰማሁም አለ።

«አልሰማሁም?» መርማሪዋ አንድ ደብዳቤ አውጥታ ወደ መስኮቱ አነሳች። «ፊርማው አጠገብ የመርፌ ቀዳዳ አለ። ጣታቸው እየዳበሰ የሚፈርሙበትን እንዲያገኝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በእርስዎ እጅ ያለፈ ወረቀት ሁሉ አለው። ጠጋኙ የሚያስፈርሟቸው የላቸውም፣ እሳቸው የጋሼን እጅ ይዘው ነው የሚያሳዩት።» ከዚያ ትንሿን ወረቀት አነሳች። «ይህች የድንጋዩ ናት።»

አንዲት የብርሃን ነጥብ ፊርማው አጠገብ ታየች። የምክትሉ እጅ ለምዶበት ሳያስበው ነው የወጋት።

ምክትሉ መነጽሩን አወለቀ። አልካደም። መጽሐፋቸውን የጻፍኩት እኔ፣ አጥንቱን የለየሁት እኔ፣ ስሙ የሳቸው አለ። ዓይናቸው ጠፋ ብል፣ ያን ሁሉ የፈረመው ማነው ብለው እኔኑ ይይዙኛል። ከወንበሩ ይነሱ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ዘንድሮም አልተነሱም።

«ይበቃዎታል፣ ይሂዱ ብዬ መንገር አቃተኝ» አለ።

«መግደሉ ቀለለዎት?»

«ቀለለኝ።»

ወሰዱት። ጽዳቷ ወደ ጓደኛዋ ሄዳ ካቴናውን ያዘች፣ አሁኑኑ የሚፈታ መስሏት። መርማሪዋ ዓይኗን ሰበረች። ጣት ያረፈበት ወረቀት በአንድ ቀን አይሰረዝም፣ ዳኛ ማየት አለበት፣ ዳኛው እስኪያይ ሻይ አፍዪዋ ነገ እንደተባለው ትዛወራለች። ስንት ቀን ይፈጃል ቢሏት እኔም አላውቅም አለች። ሻይ አፍዪዋ ነጠላ ጫማዋን አስተካከለች።

ሚስትየው ማልቀስ ጀመሩ። ሰውን ለመጉዳት አልነበረም፣ የጋሼ ስም እንዳይጎድፍ ብለን ነው ዝም ያልነው አሉ። ጠጋኙም እኛ በምን እናውቃለን፣ ማን አየ አለ። ሌሎቹም እውነት ነው፣ ማን አየ እያሉ ወንበራቸውን ማንሳት ጀመሩ።

ጽዳቷ የጓደኛዋን እጅ ሳትለቅ ዞረች።

«ጋሼስ ዓይናቸው ነው የጠፋው» አለች። «እናንተ አምስት ቀን ሙሉ ይህችን ሴት ያላያችኋት ምናችሁ ጠፍቶ ነው?»

የተነሳው ወንበር ሁሉ እንደተነሳ ቀረ።