የአዝመላ ጉሮሮ

በነሐራ መንግሥት ሦስት ዓመት ዝናብ የነፈገው ሰማይ በሦስት ቀን ያለውን ሁሉ አራገፈው። በአራተኛው ማለዳ ታላቁ ወንዝ አዝመላ ቁልቁል መፍሰሱን ትቶ ሽቅብ ተመለሰ፤ የተሰነጣጠቀው ሜዳም ባሕር ሆነ። ሰው ለዝናቡ እልል ይበል ወይስ ለጎርፉ ያልቅስ ግራ ገባው። ንጉሡም ግራ ቢገባው ነቢይቱን አስጠራ። እሷ ግን «ወንዙ የተሰረቀበት እስኪመለስለት አይተኛም» አለች።

ይህን የሰማ ሁሉ ዓይኑን ወደ ዘውዱ ጣለ። በግንባሩ ላይ ያለው ሰማያዊ ዕንቁ ከአዝመላ ዘንዶ መወሰዱን የማያውቅ የለም። ንጉሡ ዕንቁውን ነቅሎ ለዘንዶው እንድትመልስ ለዳሮት ሰጣት። ዳሮት የወንዝ ጠባቂ ልጅ ናት። አባቷን ከድርቁ በፊት የነበረ ጎርፍ ወስዶባታል፤ እናቷ ደግሞ ከመንደሩ ሰው ጋር ውኃ በከበባት ጉብታ ላይ ቀርታለች። ሌላ ዝናብ ከመጣ ጉብታዋ አትተርፍም።

«እናቴ ከዚያች ጉብታ ሳትወርድ እህል በአፌ ቢዞር ምድር አትቀበለኝ» ብላ ማለች።

አብረዋት የወጡት የአባቷ ወዳጅ የነበሩት አሮጌው ጦረኛ አባ ሙሬት ናቸው። ሁለት ቀን ጭቃ ለጭቃ ተጓዙ። ራቁቱን የቀረ ተራራ ሲያልፉ አባ ሙሬት የቤተ መንግሥቱ ምሰሶ ሁሉ ከዚህ ደን መቆረጡን በኩራት ነገሯት። ወዲያው አፈሩ ከእግራቸው ሥር ተንዶ ወንዝ ሲገባ አዩና ኩራታቸውን ዋጡት።

በነሐራ ልማድ ጎርፍ በገደለ ቁጥር የሟቹ ቤተሰብ ስሙን በድንጋይ ቀርጾ፣ ወንዙን ለማባበል፣ ከገደል አፋፍ ወደ ወንዙ ጠባብ መውጫ፣ ወደ ጉሮሮው፣ ይወረውራል። ዳሮትም ያኔ የአባቷን ወርውራለች። አሁን ከገደሉ ወርዳ ስታይ የሰባት ትውልድ ድንጋይ ጉሮሮውን ደፍኖታል። ከክምሩ ሥር ያረጀው ዘንዶ አንገቱ ተጣብቆ ያቃስታል። ዕንቁውን ፊቱ አኖረችለት።

«ይህንንማ አያቴ ለነገሥታታችሁ በስጦታ የሰጠው ነው» አለ ዘንዶው። «የሰረቃችሁኝ መሄጃዬን ነው።»

ዳሮት ራሷን ያዘች። ድንጋዩን የወረወርነው እኮ በፍቅር ነው አለችው፤ ጥፋቱ የዝናቡ ይሁን የእነሱ እንዲነግራትም ለመነችው።

«ዝናብ እንዲህ ሲያብድ በሺህ ዓመቴ አላየሁም። እኔም ግራ ገብቶኛል። ግን የደነበረ በሬ መንገድ ይለቁለታል እንጂ አጥር አያጥሩበትም።»

ሰማዩ እንደገና ጠቆረ። ዘንዶው ክምሩን በጀርባው ሊገፋው ይችላል፤ አንገቱን የተጫነው፣ ጎርፍ የወሰደው የቀድሞ ንጉሥ ስም ያለበት ታላቅ ድንጋይ ግን አስቀድሞ መነቀል አለበት። የሚነቅለውም ሰው ክምሩ ይዞት ስለሚሄድ አይመለስም። ዳሮት ወደፊት ስትራመድ አባ ሙሬት ትከሻዋን ያዙ።

«ይህን ድንጋይ በጉልምስናዬ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሕዝቡ እልል ብሎልኛል። አሁንም የማነሳው እኔ ነኝ።»

ካባቸውን ጨምድዳ ያዘች። አባቷን ያጣች ልጅ እኚህንም ትልቀቅ? እናቷንስ?

«ልጄ፣ ልቀቂኝ» አሏት በለሆሳስ። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቁ።

በጦራቸው ድንጋዩን ፈነቀሉት። ዘንዶው ተነሣ፤ ገደሉ ተናወጠ። ድንጋዩ፣ ዘንዶውና አባ ሙሬት ሰው ወደማይኖርበት በረሃ አብረው ወረዱ። አዝመላም ቁልቁል መፍሰስ ጀመረ፤ ከመምሸቱ በፊት ጉብታዋ ከውኃ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን እናቷ የአባ ሙሬትን ስም ያስቀረጸችበትን ድንጋይ ታቅፋ ከገደሉ አፋፍ ደረሰች።

«ከየት ላይ ልወርውረው?» አለቻት።

ዳሮት እናቷን ከአፋፉ አራቀቻት። ድንጋዩን ተቀብላ ራቁቱን ወደቀረው ተራራ ወጣች፤ አፈሩ በሚናድበት ቁልቁለትም አግድም አስቀመጠችው። እናቷ ነገሩ አልገባትም። ቢሆንም ልጇን አምና ሌላ ድንጋይ ፍለጋ ጎንበስ አለች። ዝናቡ ሲጀምር፣ ቁልቁል የሚንሸራተተው አፈር ከአባ ሙሬት ስም ኋላ ደርሶ ቆመ።