በባልቦላው ቦታ

ሦስተኛው ባልቦላ ጠቅ ብሎ ተቃጠለ። ጤናዬ አወጣችና ወደ ብርሃን አነሣችው። በመስታወቱ ውስጥ የነበረችው ቀጭን ሽቦ ቀልጣ ጠቁራለች።

«ስንት ቀረሽ?» አሉ አባቷ ከግቢው በር።

«ሁለት።»

አቶ ደምለው በደባርቅ የታወቁ ጎሚስታ ናቸው። ሊማሊሞ ላይ ጎማ የፈነዳበት ሹፌር ሁሉ የሚልከው ወደ እሳቸው ነው። በአሮጌዋ ፒክአፕ ጀርባ ላይ በባትሪ የሚሠራ ኮምፕሬሰር አስረዋል፤ በእሱ እየነፉ ስንቱን ካሚዮን ከመንገድ አንሥተዋል። ከሳምንት ወዲህ ግን ኮምፕሬሰሩ በተነሣ ቁጥር፣ ኤሌክትሪክ ሲበዛ የሚያቋርጠውን ባልቦላ ይበላል።

ዛሬ፣ ቅዳሜ፣ ደግሞ አንድ ሹፌር ከቁልቁለቱ በእግሩ ወጥቶ መጥቷል። ሁለት ጎማ ፈንድቶበት መንገዱን ዘግቷል፤ ከኋላው መኪና ተሰልፏል።

«እኔና ያርጋል የጎማውን ካላማዳሪያ እስክናዘጋጅ ጥፋቱን ፈልጊልኝ» አሉ አባቷ። «ኮምፕሬሰሩን ከሽቦው ለዪው፤ ከዚያ ባልቦላ አግቢ። ከተቃጠለ ጥፋቱ ሽቦው ላይ ነው። ካልተቃጠለ ግን ኮምፕሬሰሩ ራሱ ነው። እሱ ከሆነ ተፈቶ ሳይታይ አንሄድም፤ ሹፌሩ ሌላ ይፈልግ።»

ያርጋል የአባቷ ረዳት ነው። ከአምባራስ መጥቶ እነሱ ዘንድ ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። ጎማውን እያንከባለለ በአጠገቧ ሲያልፍ «በርቺ፣ ኢንጅነር!» ብሎ ቀለደባት።

ጤናዬ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ ሒሳብ ደግሞ አልገባ ብሏታል። ጓደኛዋ አገርነሽ ያለፈውን ዓመት ጥያቄዎች ከየት እንደሆነ አግኝታለች። «ከሰዓት በኋላ ዳባት እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ካልመጣሽ አለቀልሽ» ብላታለች።

ኮምፕሬሰሩን ከሽቦው ለየችና ባልቦላ አገባች። አልተቃጠለም። ጥፋቱ እንግዲህ ኮምፕሬሰሩ ላይ ነው። ይህ ማለት ሲፈታ ቁልፍ እያቀበለች፣ እጇ በግራሶ ተለውሶ፣ እስኪመሽ እዚያው መቀመጥ ነው። ምናልባት ብላ እንደገና አገናኘችው። ተቃጠለ። የመጨረሻውንም አገባች። እሱም ተቃጠለ።

መሬት ላይ የጣት ቁመት ያህል የመዳብ ሽቦ ወድቋል። አንሥታ አጠፈችውና በባልቦላው ቦታ አስገባችው።

ኮምፕሬሰሩ አንዴ ተንቀጠቀጠና መዞር ጀመረ።

ድምፁን ሰምተው አባቷ እየተጣደፉ መጡ። «አገኘሽው?»

«አዎ፣ አባባ። ሽቦው አንድ ቦታ ላልቶ ነበር። አጠበቅሁት።»

አባቷ ጥቂት ቆመው አዳመጡ። ከዚያም ወደ ሹፌሩ ዞረው «አየህልኝ ልጄን!» አሉ። የባልቦላውን ክዳን ከፍተው አላዩም። ሦስቱም ፒክአፗ ላይ ወጡና ሄዱ።

ጤናዬ አገርነሽ ቤት አራተኛውን ጥያቄ ስትሠራ ነበር ወሬው የደረሰው።

ሁለተኛውን ጎማ ሲነፉ ኮምፕሬሰሩ ግሎ መዞር አቃተው። ባልቦላ ቢኖር ተቃጥሎ ኤሌክትሪኩን ያቋርጠው ነበር፤ መዳቡ ግን አላቋረጠውም። ከወንበሩ ሥር የሚያልፈው ሽቦ ልባሱ ነደደና እሳቱ ወደ ቤንዚኑ ጀሪካን ተዛመተ። አባቷ ሊያጠፉ ገቡ። የወጡት በሰው እጅ ነው።

በማግስቱ ፖሊሶች የተቃጠለችውን ፒክአፕ ሲመረምሩ በባልቦላው ቦታ መዳቡን አገኙት። መኪናዋን የሚነካካው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ያርጋልን ወሰዱት። እስከ ማክሰኞ ደባርቅ ሁሉ «የአምባራሱ ልጅ ደምለውን አቃጠለው» ይል ጀመር። ጤናዬ ትምህርት ቤትም ሰማችው፣ ወፍጮ ቤትም ሰማችው። አንድም ቀን «አይደለም» አላለችም።

ሐሙስ ዕለት በአውቶቡስ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ወረደች። የአባቷ ሁለት እጆች እስከ ክርን በፋሻ ተጠቅልለዋል። ቅንድብ የላቸውም። እናቷ ወይዘሮ በለጠች ውኃ ልታመጣ እስክትወጣ ጤናዬ ጠበቀች።

«አባባ፣ ያ ሽቦ...»

«ተይው።»

«እኔ ነኝ ያገባሁት።»

«አውቃለሁ።» ድምፃቸው ሻካራ ነበር። «ያርጋል ያን ቀን ከእኔ ጋር ጎማ ሲፈታ ነው የዋለ። መኪናዋን አልነካም።»

«ታዲያ ለፖሊሶቹ ምን አሏቸው?»

«'ሽቦውን ያገባው ረዳትህ ነው?' አሉኝ። ዝም አልሁ። ዝምታዬን እንደ አዎ ጻፉት።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እግሬን ይዞ ከእሳት የጎተተኝ እሱ ነው። እሱ ባይኖር አመድ ነበርሁ።»

ጤናዬ ወደ አልጋው ጠጋ አለች።

«ጥቂት ወር ታስሮ ይፈታል» አሉ አባቷ። «ወንድ ነው፣ ይችለዋል። አንቺ ሰኞ ፈተናሽን ተፈተኚ። ይህ እጅ ከእንግዲህ ቁልፍ አይዝም፣ ልጄ። ለዚህ ቤት የቀረሽው አንቺ ነሽ። ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

እናቷ ተመለሰች። ጤናዬ ኩባያውን ተቀብላ ወደ አባቷ ከንፈር አስጠጋችው። እያጠጣቻቸው ዓይናቸውን ፈለገች፤ እሳቸው ግን ኩባያውን ብቻ ያዩ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደባርቅ ስትደርስ ጭጋግ ወርዶ ነበር። ከአውቶቡሱ ወርዳ ወደ ቤቷ ስትሄድ በፖሊስ ጣቢያው በር ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ሴት አየች። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። አጠገባቸው ስንቅ የያዘ አነስተኛ አገልግል አለ። ቀና ብለው አዩዋት።

«የአቶ ደምለው ልጅ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ።»

«እኔ ስንቄ እባላለሁ። የያርጋል እናት ነኝ። ሁለት ቀን በእግሬ ተጉዤ ነው የመጣሁ።» ተነሥተው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አባትሽ እንዴት ሰነበቱ? እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሌት ተቀን ስለ እሳቸው እለምናለሁ። ባክሽ፣ ልጄን ይቅር እንዲሉልኝ ንገሪልኝ። ባያውቅ ነው እንጂ፣ በክፋት አያደርገውም።»

እኒህ እናት ልጃቸው ላልሠራው ነገር ይቅርታ ይለምናሉ። ጤናዬ እጇን ማስለቀቅ ፈለገች፤ አልቻለችም።

«እማማ ስንቄ፣ ያርጋል አይደለም» አለች። «ሽቦውን ያገባሁት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም ነበር።»

ሴትዮዋ አፈጠጡባት። እጇን ቀስ ብለው ለቀቁት። ይሰድቡኛል፣ ይጮኻሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ሰብስበው ድንጋያቸው ላይ መልሰው ተቀመጡ።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «እኔ ልፈታው አልችልም።» በአገጫቸው ወደ ጣቢያው በር አመለከቷት።

ውስጥ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር አንድ ጸሐፊ መዝገብ ያሰምራል።

«ቃሌን ልሰጥ ነው የመጣሁት» አለች። «ስለ ተቃጠለችው መኪና።»

«አለቃው ዳባት ናቸው። ሰኞ ጠዋት ነይ።»

«ሰኞ ጠዋት ፈተና አለብኝ።»

«እንግዲያ ከፈተናው በኋላ ነይ። ምን ያጣድፍሻል? እሱ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

ልትወጣ ዞረች። ቤቷ ከዚህ አንድ መታጠፊያ ነው። እዚያ ከገባች ሰኞ አትመጣም፤ ማክሰኞም አትመጣም። ይህን ስለ ራሷ ከቅዳሜ ወዲህ በደንብ አውቃዋለች።

«ወረቀት ይስጡኝ» አለች ተመልሳ። «እኔው ጽፌ፣ ፈርሜ እሰጥዎታለሁ።»

ጸሐፊው ከእግር እስከ ራሷ አያት። ከመዝገቡ ጀርባ አንድ ቅጠል ወረቀት ገነጠለና እስክሪብቶውን ከላዩ አኖረላት።

ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ስሟን ጻፈች፤ ቀኑን ጻፈች። ቀጥላም «ባልቦላ ስላለቀብኝ» ብላ ጀመረች።

አነበበችው። አንድ ጊዜ ሰረዘችው፤ በላዩ ደግማ ሰረዘችው። ከሥሩ እንደገና ጀመረች።

«ኮምፕሬሰሩ እንደ ተበላሸ አውቅ ነበር።»