የታጠቡት በርሜሎች

ከእጃችን የወጣ ቆሻሻ የት ይሄዳል?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መምህር ጋሮማም መጀመሪያ ሲጠየቅ ቀላል መስሎት ነበር። የጠየቀችው ሹኩሪያ የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ በአምቦ ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። መልሱን ያገኘው ዘግይቶ ነው። ምን ያህል እንደዘገየ፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው የተከተለ ሰው ይፈርዳል።

ጋሮማ የአምቦ ልጅ ነው። ኮሪያ ሄዶ ለዓመታት ተምሮ ሲመለስ ጓደኞቹ ዩኒቨርሲቲ ተቀጠር ብለውት ነበር፤ እሱ ግን በልጅነቱ የተማረበትን ትምህርት ቤት መረጠ። ኬሚስትሪ ያስተምራል። ገና ከመጣበት ቀን ጀምሮ አንድ ነገር እረፍት ነሣው። ተማሪው ብስኩቱን ይበላና ላስቲኩን በቆመበት ይለቀዋል። ባዶ ሃይላንድ በመስኮት ይወረወራል። ፌስታል አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ነፋስ ሲመጣ ይንኮሻኮሻል። ዓርብ ዓርብ ተረኛው ክፍል ግቢውን ይጠርጋል፤ ሰኞ ረፋድ ላይ ግቢው ያው ነው። እነዚሁ ልጆች እኮ ቤታቸው ሲገቡ ጫማቸውን በር ላይ የሚያወልቁ ናቸው። ሳሎኑ የእነሱ ነው፤ ግቢው ግን የማንም አይደለም።

እሱም ራሱን ይጠራጠር ነበር። ከሰው አገር ይዞት የመጣው ሐሳብ እዚህ ሥር ይሰድ ይሆን? ወይስ «ፈረንጅ ሆኖ መጣ» ተብሎ ይሳቅበታል? ያም ሆኖ ዝም ማለት አልቻለም። ከነጋዴው ከሰይፈዲን መጋዘን አሮጌ በርሜሎች ለምኖ አመጣና ቀለም ቀባቸው፤ ሰማያዊው ለወረቀት፣ ቢጫው ለፕላስቲክ፣ አረንጓዴው ለምግብ ትራፊ፣ ቀዩ ለጠርሙስና ለባትሪ።

ጠዋት ሰልፍ ላይ በርሜሎቹን ሲያስተዋውቅ የአንዱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አለቃ ፍሮምሳ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ለቆሻሻም ክልል ተሰጠው ማለት ነው?»

ሰልፉ በሳቅ ተናወጠ። ጋሮማም ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ክልል አይደለም፤ አድራሻ ነው የሰጠነው» አለ።

«እንግዲያው መታወቂያም ይውጣለታ።»

ሳቁ ጋብ ሲል ሹኩሪያ እጇን አወጣች። ነጭ ሻሿን ወደ ኋላ መለስ አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«ቲቸር፣ በርሜሉ ሲሞላስ? ከዚያ በኋላ የት ነው የሚሄደው?»

ጋሮማ በነበረበት አገር ጠዋት ጠዋት መኪና ይመጣል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

«የሚመለከተው ክፍል ይወስደዋል» አላት። «አንቺ ጓደኞችሽን መለየቱን አስተምሪያቸው፤ የቀረውን ለእኛ ተዪው።»

እሷም ተወችው። የጽዳት ክበቡ አባል ሆነች፤ ከሁሉም በላይ የምትደክመውም እሷ ነበረች። የሹኩሪያ ቤት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር የሚያልፈውን ፈፋ ተሻግሮ ነው። ፈፋው ወርዶ ወርዶ ሁሉቃ ወንዝ ይገባል። ቤተሰቡ ከወራቤ በኩል መጥቶ አምቦ ከከተመ ቆይቷል። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እናቷ ፈይሩዝ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጡ ነው እሷንና ታናናሾቿን የሚያሳድጉት። ስኳር አለባቸው፤ ያም ሆኖ ከገበያ ቀርተው አያውቁም። ምኞታቸው አንድ ነው፤ ልጃቸው የዓመቱን አገር አቀፍ ፈተና አልፋ ፋርማሲ እንድታጠና።

«የእኔን መድኃኒት አንቺ ትሰጪኛለሽ» ይሏት ነበር። «ያን ጊዜ ሰልፍም አልጠብቅም፤ ልጄ ናት ብዬ በጓሮ እገባለሁ።»

«እኔ ጋ በጓሮ መግባት የለም፣ ኡሚ።»

«እንግዲያውስ ሌላ ፋርማሲ እሄዳለሁ።»

በሚያዝያ ወር የክበቡ ልጆች የቤተ ሙከራውን ጓዳ አጸዱ። ለዓመታት የተከማቸ የተሰባበረ ቢከር፣ የሙከራ ቱቦ፣ ያረጀ ባትሪ ነበር። ሹኩሪያ ስባሪውን በጋዜጣ እየጠቀለለች፣ ጥቅሉ ላይ «ተጠንቀቁ፣ ይቆርጣል» ብላ እየጻፈች ቀዩ በርሜል ውስጥ አኖረችው። ጋሮማ ዳር ቆሞ ሲያያት ልቡ ሞቀ። «ለካ ይቻላል» አለ በልቡ።

በግንቦት ወር መጨረሻ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዶች እንደሚመጡ ተሰማ። የበርሜሉ ወሬ ጊንጪና ጉደር ድረስ ደርሶ ስለነበር ሥራው ለሌሎች ትምህርት ቤቶች አርአያ እንዲሆን ሊያዩት ነው። በዋዜማው ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ዶርቃስ ግቢውን ዞረው አዩና ጋሮማን አስጠሩት።

«መምህር፣ በርሜሎቹ እኮ ሞልተዋል።»

«መሙላታቸው ጥሩ ነው። ተማሪው እየተጠቀመባቸው ነው ማለት ነው።»

«ቤትህ እንግዳ ሲመጣ የምታሳየው ቆሻሻህን ነው እንዴ? ይደፋና ይታጠቡ እንጂ።»

«የት ይደፋ?»

«ከግቢ ይውጣ እንጂ የትም ይሁን። የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ከቀረ ስንት ጊዜው ነው? እሱን ስንጠብቅ ልናፍር ነው?»

ጋሮማ የሚለው ነበረው። ግን ደወል ተደወለ፤ ክፍል ነበረበት። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ነገ እንግዶቹ ፊት ቆሞ ስለ ሥራው ሲያስረዳ ይታየው ነበር። «እሺ» ብሎ ወጣ። የት እንደሚደፋ አልጠየቀም።

ፍሮምሳና ጓደኞቹ ታዘው በርሜሎቹን እያንከባለሉ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ወሰዷቸው። እዚያ አጥሩ የተቀደደ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ የዓርብ ጥራጊ በዚያ ቀዳዳ ነው የሚወጣው። ሰማያዊውንም፣ ቢጫውንም፣ አረንጓዴውንም፣ ቀዩንም ተራ በተራ ወደ ፈፋው ገለበጧቸው። ከዚያ በኦሞ አጠቧቸው። በማግስቱ እንግዶቹ አጠገባቸው ቆመው ፎቶ ተነሡ። በርሜሎቹ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቁ ነበር። ትምህርት ቤቱ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው፤ ተማሪው አጨበጨበ። አንድም ሰው ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ፣ ይህ ሁሉ ተለይቶ የተጠራቀመ ነገር የት ገባ አላለም።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ጠና። ፈፋው ሌሊቱን ሞልቶ በጎደለበት ጠዋት ፈይሩዝ እንደ ልማዳቸው ሸበጣቸውን ተጫምተው፣ ሽንኩርታቸውን አዝለው በመሻገሪያ ድንጋዮቹ ላይ ተሻገሩ። ጎርፉ ያመጣው ጭቃ ድንጋዮቹን ሸፍኗቸው ነበር።

ቀኑን ሙሉ ገበያ ቆመው ዋሉ። ማታ ቤት ገብተው ሲቀመጡ ሹኩሪያ የእናቷን እግር አየች። ሸበጡ በደም ረጥቧል።

«ኡሚ፣ እግርሽ ምን ሆነ?»

«የቱ?» አሉ እናትየው።

ስኳሩ እግራቸውን ካደነዘዘው ቆይቷል፤ አልተሰማቸውም። ሹኩሪያ ቁስሉን አጥባ፣ ሸበጡን ወግቶ ያለፈውን ስባሪ አወጣችው። መብራቱ ጋ አስጠግታ አየችው። ቀጭን መስመሮችና ቁጥሮች ያሉበት የብርጭቆ ስባሪ ነው፤ ፈሳሽ ከሚለካበት ከቤተ ሙከራው ዕቃ። በገዛ እጇ በጋዜጣ የጠቀለለችው።

ለቀናት ከትምህርት ቤት ቀረች። ስትመጣ በቀጥታ መምህራን ክፍል ገብታ ስባሪውን ጋሮማ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። በጋዜጣ ጠቅልላዋለች፤ እንዳይቆርጠው።

«ቲቸር፣ የት ነው የሚሄደው ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

የሆነውን ሁሉ ነገረችው። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። እሱ ነው የሚይዘው የሚጨብጠው የጠፋው።

«እናትሽ ያውቃሉ? ከየት እንደመጣ?»

«አያውቁም። እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ? እሳቸው እኮ ለጎረቤት ሁሉ የልጄ ትምህርት ቤት ተሸለመ እያሉ ነው።»

ያን ዕለት ከሰዓት ጋሮማ በተቀደደው አጥር ወጥቶ ፈፋው ውስጥ ወረደ። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ብሎ የለየው ሁሉ እዚያ ነበር፤ አንድ ላይ ተደባልቆ፣ ጭቃ ለብሶ። አንድ ነገር ደግሞ ገባው። ያ ስባሪ ድሮ ጓዳ ውስጥ ተበታትኖ ማንንም ሳይነካ ተቀምጦ ነበር። አሰብስቦ በአንድ ቀን እንዲደፋ ያመቻቸው እሱ ነው። ያስተማረው ግማሹን ነው፤ ግማሽ ትምህርት ደግሞ ወደ ሰው እግር ወረደ።

ኮቴ ሰምቶ ዞር ሲል ወሬው የደረሰው ፍሮምሳ ነው። እንደ ወትሮው አልቀለደም።

«እኔ ነኝ የደፋሁት፣ ቲቸር። ከግቢ ከወጣ አለቀ ብዬ ነው። አባቴም ከግቢያችን አውጥቶ መንገድ ላይ ነው የሚደፋው፣ ሰዉ ሁሉ እንደዚያ ነው። ሹኩሪያ በዚህ በኩል እንደምትሄድ አውቃለሁ እኮ። አውቃለሁ፤ ግን አላሰብኩትም።»

«እኔም የት ደፋችሁት ብዬ አልጠየቅኩም» አለ ጋሮማ። «ጓንት አምጣ።»

እስኪመሽ ስባሪ ለቀሙ። ከፊሉን አገኙት፤ ከፊሉን ጎርፉ ወስዶታል። ማን እንደሚረግጠው አላህ ይወቀው፤ ከወንዙ በታችም ሰው አለ።

ፈይሩዝ ሆስፒታል ተኙ፤ ጋሮማ ሊጠይቃቸው ሲሄድ ከአልጋው ቀና ለማለት ሞከሩ።

«መምህር፣ ለምን ደከሙ? አልተሰማኝም እኮ። ተሰምቶኝ ቢሆን በጊዜ እታከም ነበር። የልጄን ፈተና አደራ፤ እኔን ልታስታምም ብላ እንዳትቀር።»

ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ሹኩሪያ ከአልጋው ማዶ ቆማ ነበር፤ ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። አፉን ዘጋ።

ቁስሉ ከፋ። ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፤ እዚያ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ከእንግዲህ ፈፋውን ተሻግረው ገበያ የሚቆሙበት አቅም የለም። የሹኩሪያ አጎት አብዱልፈታህ ከወራቤ በአይሱዙ መጥተው ዕቃቸውን ጭነው ወደዚያው ወሰዷቸው። እናቷን የሚደግፍ፣ ታናናሾቿን የሚያበላ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ሹኩሪያ ሆነች። የፈተናው ዕለት ስሟ የተለጠፈበት ወንበር ባዶውን ዋለ። ፈታኙ ስሟን ጠራ፤ አንዴ ደግሞ ጠራ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ክፉ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። ወይዘሮ ዶርቃስ ትምህርት ቤታቸው እንዳያፍር ነው የፈለጉት። ፍሮምሳ የታዘዘውን ሠራ። ጋሮማ በጎ አስቦ ጀመረ። ሁሉም ቆሻሻው ከዓይናቸው ሲርቅ ያለቀ መሰላቸው። እኛስ? የጠረግነውን ከበራችን አሻግረን መንገድ ላይ ስንተወው፣ ከአጥራችን ማዶ ያለው ቤት የማን እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን?

በሚቀጥለው ዓመት የትምህርት ቤቱ ነገር ተለወጠ። ወይዘሮ ዶርቃስ የተቀደደውን አጥር ራሳቸው ቆመው አስጠገኑ፤ የምስጋናውን ወረቀትም ከቢሯቸው ግድግዳ አወረዱት። ለስባሪና ለባትሪ በሲሚንቶ የተገነባ፣ ክዳኑ የሚቆለፍ ጉድጓድ ተሠራ። ፕላስቲኩን ቆራሌው በየሳምንቱ ይወስዳል፤ የምግብ ትራፊው ለትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ ብስባሽ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ የገባው ፍሮምሳ ለዕረፍት ሲመጣ አዲሶቹን ተማሪዎች መጀመሪያ ወደ ፈፋው ነው የሚወስዳቸው። በርሜሎቹን የሚያሳያቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሮማ ይህን ሁሉ እያየ አይጽናናም። አንድ ዓርብ፣ ግቢው ተጠርጎ ተማሪው ከወጣ በኋላ፣ ቤተ ሙከራው ደጃፍ ተቀምጦ ስልኩን አወጣ። ሹኩሪያ ድሮ የክበቡን ፎቶዎች ትልክበት በነበረው ቴሌግራም እንዲህ ብሎ ጻፈላት፦

«ሹኩሪያ፣ የጠየቅሽኝን አሁን ልመልስልሽ። ቆሻሻችን የሚሄደው ሰው ጋ ነው። እኛ የማናየው ሰው ጋ። ያን ቀን አላውቅም ብልሽ ኖሮ፣ አብረን ሄደን እናይ ነበር። ለእናትሽ እውነቱን ልንገራቸው፤ ከፈቀድሽልኝ ወራቤ እመጣለሁ። ያመለጠሽን ፈተናም የምትፈተኚበት መንገድ አለ፤ ጠይቄያለሁ። እባክሽ መልሺልኝ።»

ላከው። ከጽሑፉ ሥር መላኩን የምታሳየው አንዲት ትንሽ ምልክት ወጣች። ሲነበብ ሁለት ትሆናለች።

ዝናብ መጣ፤ መስከረም ጠባ፤ በርሜሎቹ ሞሉ፣ ተወሰዱ፣ እንደገና ሞሉ። ጋሮማ ዓርብ ዓርብ ስልኩን ያያል። ምልክቷ አሁንም አንድ ናት።